ዲመካ ሲዘንብ፦ ተረቱና እውነታው

አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ልጆቹንና አያታቸውን ይዞ ደቡብ ኦሞ ሊወርድ፣ ዲመካ ዙሪያም በእግሩ ሊዘዋወር ነው ሲባል መካሪ ይበዛል። «ክረምት ላይ እንዳትሞክሩት!» ይላል አንዱ። «ልጆቹን ብርድ ይመታብሻል» ትላለች ሌላዋ። ቀይ ልብስ አትያዙ፣ ነጭ ሽንኩርት አይለያችሁ፣ እማማን ግን እቤት ተዉአቸው... ከመካሪዎቹ አብዛኞቹ ኮንሶን አልፈው አያውቁም። በእርግጥ ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ አሳቢ ዘመድ የሚናገረው ነው። ጣጣው ሁሉም የሚያስፈራራን አናታችን ላይ በሚወርደው ዝናብ መሆኑ ነው። ዲመካ ባለችበት በሐመር ምድር ከሁሉ በፊት መፈራት ያለበት ግን ሌላ ቦታ የዘነበው፣ እኛ ያላየነው ዝናብ ነው።

«ክረምት የትም ያው ክረምት ነው»

ለጎንደር፣ ለደብረ ማርቆስና ለአዲስ አበባ ሰው ክረምት ማለት ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ ነው። ዲመካ ላይ ይህ አይሠራም። እዚያ ሐምሌና ነሐሴ በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። ሐመሮች ማሽላቸውን የሚዘሩበት ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ ሁለተኛውና አነስ ያለው ደግሞ ጥቅምትንና ኅዳርን ይዞ ይመጣል። የአገሪቱ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብለው በሦስት ሲከፍሉት በልግ የሚሉት ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ነው። ሰሜን ላይ በልግ ቢቀር ብዙው ገበሬ ክረምትን ይጠብቃል። ደቡብ ኦሞ ላይ በልግ ከቀረ የዓመቱ ተስፋ ቀረ ማለት ነው።

ምክንያቱ ከሰማይ ነው። ዝናብ አምጪው የአየር መቀነት የፀሐይን ዓመታዊ ጉዞ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ተመልሶም ይወርዳል። ስለዚህ ደቡቡን ሁለት ጊዜ ያቋርጠዋል፤ ሲወጣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሲመለስ በጥቅምት። ሐምሌ ላይ መቀነቱ ሰሜን ተቀምጦ ጎጃምን ሲያጠግብ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል ባለው ዝቅተኛ መተላለፊያ የቱርካና ጀት የሚባለው ፈጣን ነፋስ ይነፍሳል። ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሣውን እርጥበት ቆላው ላይ ሳያራግፍ ይዞት ያልፋል።

ይህ ለቤተሰብ ጉዞ ትልቅ ትርጉም አለው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ «ክረምት ነውና አይሆንም» ተብሎ የሚቀረው ጉዞ ዲመካ ላይ ደረቅ ወቅት ይጠብቀው ነበር። በአንጻሩ «ዝናብ የለም» ተብሎ ለፋሲካ የሚታሰበው ጉዞ በቀጥታ ዋናው ዝናብ ውስጥ ይገባል። ፋሲካ ሁልጊዜም ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ባሉት ሳምንታት ነው የሚውለው። በዝናብ መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ደግሞም ያምራል፤ ግራሩ ይለመልማል፣ አቧራው ይሰክናል። ብቻ መቼ እንደሚዘንብ አውቆ ይሂድ።

ጂንካ ላለ ወዳጅ ደውሎ «አየሩ እንዴት ነው?» ማለትም ብዙ አያዋጣም። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 ሜትር በላይ ያለች፣ የአሪ ደጋ ግርጌ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዲመካ ግን ወደ 1000 ሜትር ዝቅ ትላለች። ጂንካን በካፊያ ለቆ የቀይ አፈር ከተማን አልፎ ሐመር ሲገባ አቧራ የሚቀበለው ሰው ብዙ ነው። የዲመካን ዝናብ የዲመካ ሰው ይጠየቃል።

«ሲዘንብ ቀኑ ተበላሸ»

ይህን ዲመካ ገበያ መካከል ቆሞ መናገር ነውር ይመስለኛል። ከ2013 ጀምሮ የአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውበት ነበር። ቦረናም ደቡብ ኦሞም ከብታቸውን ቀብረዋል፣ ያልቀበሩትንም ሜዳ ላይ ትተዋል። ሐመሮች ዝናብ እንዲመጣ ባርጆ፣ ማለትም በረከት፣ የሚጠሩ ሽማግሌዎች አሏቸው፤ ቢታ የሚባለው መንፈሳዊ መሪያቸውም ከሚጠበቁበት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከተሜው ጃኬቱን እየሰበሰበ ሲያማርር አጠገቡ ያለው ሰው እያመሰገነ ሊሆን ይችላል።

«ወንዙ ደርቋል፤ ምሳችንን አሸዋው ላይ እንብላ»

ከሁሉም ተረት አደገኛው ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የሐመር ወንዞች ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ አይታይባቸውም። ቱርሚ አጠገብ ያለውን ካስኬን የመሰሉት ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ናቸው። አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሮበርት ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሐመሮች የሠራውን ፊልም «የአሸዋ ወንዞች» ያለው ያለ ነገር አይደለም። ውኃው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዝናብ ባለፈ ቁጥር አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ ሴቶችና ልጆች በእጃቸውና በቅል አሸዋውን እየጫሩ ጉድጓድ ያወጣሉ፣ ከሥሩ የሚያዣውን ቀስ እያሉ ይቀዳሉ። ጥላው ጥሩ ነው፣ አሸዋው ንጹሕ ነው፣ ልጆች ይንከባለሉበታል። ለሽርሽር የተሠራ ቦታ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ተረቱ የሚለው «እዚህ አልዘነበም፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል፣ ምን ይመጣል?» ነው። ወንዝ ግን የሚጠጣው ካለበት ቦታ ብቻ አይደለም። ላይኛው ኮረብታ ላይ ለአንድ ሰዓት የወረደ ከባድ ዝናብ፣ መሬቱ ደርቆና ጠንክሮ ስለቆየ አይሰርግም፤ ገደል ገደሉን ተንደርድሮ አሸዋው ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚመጣው እንጨት፣ ቅጠልና አረፋ የሚገፋ ቡናማ ግንባር ነው። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ጭነት መኪና ነው። ያን ድምፅ ሰምቶ ጫማ መፈለግ፣ ድስት መሰብሰብ የለም፤ ልጅ አንሥቶ ወደ ቀረበው ዳር መውጣት ብቻ ነው።

ይህ በአገራችን የሆነ ነገር ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ነበር። በበጋ መኪናና ሰው የሚሄድበት የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹም በእንቅልፍ ላይ ነበሩ። ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ የኦሞ ወንዝ በዳሰነች ምድር ከአፉ ወጣ። 364 ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተገለጸ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችም አለቁ። ልብ በሉ፣ ነሐሴ ነው፤ ቅድም ደረቅ ያልነው ወር። ኦሞ የሚነሣው ከሸዋ ደጋ ነው። የመሀል አገሩ ክረምት ዝናቡን ቆላ ላይ ባይጥልም ጎርፉን ይልካል። ዲመካ ራሷ ከኦሞ ዳር ትርቃለች፣ መርሁ ግን ለትንሹም ለትልቁም ወንዝ አንድ ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? አሸዋው ላይ ከመውረዱ በፊት ቀና ብሎ የዳሩን ዛፎች ይይ። ግራሩ ቅርንጫፍ ላይ የደረቀ ገለባና የተጠላለፈ ጭራሮ ተንጠልጥሎ ካየ ያለፈው ጎርፍ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ራስ በላይ ነው፤ ለልጆች ማሳየት ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። መሻገር የግድ ከሆነ ሳይቆሙ፣ ሳይጫወቱ፣ ፎቶ ሳይነሡ መሻገር። ምሳም ድንኳንም ከዳሩ በላይ። ላይኛው አቅጣጫ ጠቁሮ ከታየ ወይም አሸዋው ላይ ያቆረው ውኃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ያሉበት ዳር ላይ መቅረት። እንዲህ ያለ ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ከተሜው የማይለምደው ይህን መጠበቅ ነው። የአካባቢው እረኛ ግን ከብቱን አሳርፎ ግማሽ ቀን ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ማንም ፈሪ አይለውም።

«ላንድ ክሩዘር ያሻግራል»

ሹፌሩ ራሱ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ደፋር ሹፌር ደቡብ ኦሞ ላይ ስሙ ይነሣል። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ ቁርጭምጭሚትን ትንሽ ሲያልፍ፣ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ አዋቂን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ትልልቆቹን ሳይቀር ይወስዳል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደግሞም ደፍርሶ የሚወርድ ውኃ ሥሩ ያለው አሸዋ መቆፈር አለመቆፈሩን አያሳይም፤ ጠዋት የተሻገሩበት ቦታ ከሰዓት ጉድጓድ ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል። እናት ልጇን ታቅፋ «ወንድሜ፣ እኛ እንጠብቃለን» ብትል ሹፌሩ ሊቀየም አይገባውም። ቢቀየምም ይቀየም።

«ዝናቡ አባርቷል፣ አደጋው አለፈ»

ይህኛው ከዲመካ ይልቅ የጂንካና የአሪ ኮረብቶችን ይመለከታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ ኮረብታ ተናደ። የተቀበሩትን ለማውጣት ሕዝቡ ተጠራርቶ ሲቆፍር መሬቱ ዳግም ተንዶ አዳኞቹን ቀበረ። በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ውኃ የጠጣ አፈር ዝናቡ ሲያቆም ወዲያው አይቀልልም፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ከብዶ ይቆያል። አዲስ የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘመመ ዛፍ፣ ከወትሮው የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ በዚያ ተዳፋት ሥር አትለፉ።

«ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል»

ብዙዎቻችን ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። ዝናብ ሲመጣ ቀይ ሹራብ ይወልቃል፣ መስታወት ይሸፈናል። መብረቅ ቀለም አይመርጥም። የሚፈልገው ወደ መሬት የሚወርድበት አጭር መንገድ ነው፤ ለዚህም ከፍ ያለውን፣ ለብቻው የቆመውን ይመርጣል። ቀዩን ሹራብ አውልቆ ግራር ሥር የተጠለለ ሰው ደህናውን ጥሎ ክፉውን መርጧል። ዛፉን የመታው መብረቅ ወደ ሰው ሊዘልል፣ በመሬቱም ላይ ሊሠራጭ ይችላል። አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስበው የነበሩ ከብቶች በአንድ ምት ሲያልቁ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ በመሬት ውስጥ ያለፈው ኤሌክትሪክ በአንዱ ገብቶ በልብ በኩል አልፎ በሌላው ይወጣል።

ልጆች የሚወዱት መለኪያ አለ። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ መቁጠር። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 30 ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ቤት ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የተዘጋ መኪና መግባት ያስፈልጋል። መኪና የሚያድነው በጎማው አይደለም፣ አካሉ ብረት ስለሆነና ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ስለሚያወርደው ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው። ስለ ተመታ ሰው ደግሞ «አትንኩት፣ ይይዛችኋል» ይባላል። ሰውነቱ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቀርም። ልቡ ቆሞ ከሆነ ወዲያውኑ ደረቱን እየተጫኑ መርዳት ሊያተርፈው ይችላል፤ እጁን አጣጥፎ የቆመ ዘመድ የሚያጠፋው ያችን ደቂቃ ነው።

የልብስ ቀለም ዋጋ ያለው ለሌላ ነገር ነው። ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚወርድ ሰው ከቆላ ዝንብ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከብት ላይ ገንዲ የሚያመጣው ይህ ዝንብ ሰማያዊና ጥቁር ይወዳል፤ ማጥመጃዎቹም በእነዚህ ቀለሞች የሚሠሩት ስለዚህ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ይከተላል፣ ስስ ልብስም አልፎ ይነድፋል። ሰማያዊውን ጂንስ ጂንካ ትታችሁ አመድማ ወይም የአፈር መልክ ያለው ወፍራም ልብስ ልበሱ። ቀዩን ሹራብ ከፈለጋችሁ ያዙት።

«ዝናብ የመታው ልጅ ጉንፋን ይይዘዋል»

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ከሌለ ዝናብ ብቻውን አያመጣውም። እናቶቻችን ግን ጨርሶ አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ2005 የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 180 ፈቃደኞችን ለሁለት ከፍለው የግማሾቹን እግር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አስቀመጡ። በአምስት ቀናት ውስጥ የጉንፋን ምልክት ያሳዩት እግራቸው ከቀዘቀዘው 29 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ 9 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ያሰቡት ብርዱ የአፍንጫን የደም ሥሮች አጥብቦ ቀድሞ የገባውን ቫይረስ እንዲነሣ እንደሚረዳው ነው። ቫይረሱን በምርመራ ስላልለዩት ነገሩ ያለቀለት አይደለም፤ «ብርድ መታው» የሚለውን አባባል ግን በችኮላ መሳቂያ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ዲመካ ቆላ ስለሆነች ከዝናብ በኋላ ሰውነት ቶሎ ይሞቃል። ችግሩ የሚመጣው ያው ቤተሰብ በማግስቱ ወደ አሪ ደጋ ሲወጣ ነው። ውኃ ሙቀትን ከአየር በሃያ እጥፍ በላይ ያሸሻል፤ ልጅ ደግሞ ገላው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጋቢ ደርቆ ሳለ የሚተካከለው የለም፣ ሲርስ ግን ጥጥ ነውና ውኃ ይዞ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይሰጥም። ላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ ደረቅ ሹራብና ካልሲ ከሁለት ጃንጥላ ይበልጣል። ምች ስለሚባለው ደግሞ፣ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ሰውነት ሲደክም ወይም ሲያተኩስ ይነሣል። ዳማከሴ ማሸት የለመደ አያት ካለ ይሽ፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ሕፃን ልጅ ሲያተኩስ ግን በዳማከሴ አይታለፍም።

«ወባ ከእሸትና ከአገዳ ነው»

ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው አኖፌለስ የምትባለው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ እና የኢጣሊያ ተመራማሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሳይተው ጨርሰዋል። ሆኖም ያልበሰለ በቆሎ ወይም አገዳ ማኘክ ወባ ያመጣል የሚለው እምነት በብዙ የአገራችን ክፍል ዛሬም አለ። መብላቱ አያመጣም። የሚገርመው ግን በቆሎውና ወባው በእውነትም ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥናት የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የትንኟ እጭ ተመግቦት በፍጥነት እንደሚያድግ አሳይቷል። በቆሎ ሲያብብ ወባ ሲበዛ ያየው ገበሬ ያየው ትክክል ነበር፤ ጥፋተኛ ያደረገው ግን ሳህኑ ላይ ያለውን ነው።

ዝናቡ ራሱ ሲወርድ ሳይሆን ካባራ በኋላ ያለው ሳምንት ነው መጥፎው። ዶፍ እጮቹን አጥቦ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ግን የሚደርቀው ወንዝ ኩሬ ይተዋል፣ የከብት መንገዱም በኮቴ ይሸነቆራል። ከዲመካ ወጣ ብሎ ከብት የሄደበትን መንገድ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ከቡና ስኒ የማይበልጡ፣ ውኃ ያቆሩ የኮቴ ቀዳዳዎች ያገኛል። አፍሪካ ውስጥ ወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፌለስ አረቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለ ፀሐይ የሚያገኘው ጥቃቅን ውኃ ላይ ነው።

ነጭ ሽንኩርትም አረቄም ትንኟን አያባርሯትም። የምትነድፈው በብዛት ከምሽት ጀምሮ ነውና አጎበርና ረጅም እጅጌ ይሠራሉ። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ፤ ከተነደፉ በኋላ ትኩሳቱ የሚመጣው ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ነው። ጉዞው በተጀመረ ማግስት ያተኮሰ ልጅ ወባ ከያዘው ከጉዞው በፊት የተነደፈ ነው። በተቃራኒው፣ አዲስ አበባ ተመልሶ በሁለተኛው ሳምንት ያተኮሰውን «ጉንፋን ነው» ብሎ ማሳደር ትልቅ ስህተት ነው፤ ለሐኪሙም «ደቡብ ኦሞ ነበርን» መባል አለበት። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፣ 1157 ሰዎችም ሞተዋል።

«ዝናብ ሲመጣ ዋሻ ግቡ»

አጭር ነው፤ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ ውስጥ አትጠለሉ። ኅዳር 5 ቀን 2018 ጂንካ ላይ በአገሪቱ የመጀመሪያው የማርበርግ ወረርሽኝ መረጋገጡ ተገልጾ ነበር። ያኔ «በአየር ይመጣል»፣ «በዝናብ ውኃ ይወርዳል» የሚል ወሬ ለመንዛት የቸኮለ ሰው አልጠፋም። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የታመመን ወይም የሞተን ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ ፈሳሽ በመንካት ነው። ተፈጥሯዊ ማደሪያው ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በብዛት የሚኖር ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ሰው ጂንካን ስለረገጠ አይታመምም፣ ዝናብም አያመጣበትም።

«እማማን እቤት ተዉአቸው»

ዲመካ ቅዳሜ ገበያ አላት። ጠዋት መንገዱ ዳር የቆመ ሰው ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር የተቀቡ ሴቶች ማሽላ፣ ቅልና የቡና ገለባ ተሸክመው ከየመንደሩ ሲመጡ ያያል። ከመካከላቸው አሮጊቶች አሉ። ለሰዓታት ተጉዘው ይመጣሉ፣ በቡና ገለባ የሚፈላውን ሸፈሮ በቅል ይጠጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። እኛ «ጉዞ» ብለን የምናቅደው ለእነሱ የቅዳሜ ኑሮ ነው። አዲስ አበባ ያሉት እማማ እንደነሱ ይሂዱ አልልም፣ ጉልበታቸውም ልምዳቸውም ሌላ ነው። ግን ዕድሜ ብቻውን ሰውን እቤት አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው መንገዱን ሳያዩ የፈረዱ ልጆች ናቸው።

ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ሲኖር ነገሩ ዕቅድ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ ከዚያም ቀድሞ የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። አዋጁ ያዘዘው ስለ ሕንፃ ነው። ከዲመካ ወደ መንደሮቹ የሚወስደውን መንገድ ያበጀው ግን የከብት እግር ነው። ከብት ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም፤ ጠመዝማዛና ለስላሳ መስመር ይመርጣል። ለወንበር ተስማሚ የሚባለው ተዳፋት ለመወጣጫ ከ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍታ የማይበልጥ፣ ለረጅም መንገድ ደግሞ ከ20 ሜትር 1 ሜትር የማይበልጥ ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ መንገድ ሜዳማው የሐመር መሬት ላይ ማግኘት ይቻላል። ጂንካ ላይም ደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ኮረብታ ላይ ስለተሠራ፣ እስከ በሩ በመኪና ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ማየት ለማይራመድ ሰው ጥሩ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ዝናብን በተመለከተ ሰው የሚያስበው በግማሽ የተገላቢጦሽ ነው። «ከዘነበ ወንበሩ አይሄድም» ይባላል። ለዋልካ እውነት ነው፤ ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ያቆመዋል፣ ምርኩዝም ይውጣል። አሸዋ ላይ ግን ደረቁ ነው ክፉው። ደረቅ አሸዋ ከጎማው ሥር ይሸሻል፤ ቀለል ያለ ዝናብ የጠጣ አሸዋ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። አሸዋና ጠጠር የበዛበት የዲመካ መንገድ ከካፊያ በኋላ ባለው ጠዋት ከበጋው ይልቅ ለወንበር ይመቻል። በበልግ ነጎድጓዱ በብዛት የሚነሣው መሬቱ ከሞቀ በኋላ፣ ከሰዓት ወዲህ ነውና ለሁሉም የሚያመቸው የጠዋቱ ሰዓት ነው።

የሚሰምጡት ፊት ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ናቸው። ስለዚህ ለስላሳ ቦታ ሲደረስ ወንበሩን አዙሮ ወደ ኋላ መሳብ፣ ትልልቆቹ ጎማዎች ቀድመው እንዲረግጡ። የሚነፋ ጎማ ከሆነ ትንሽ አየር ማስተንፈስ፣ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል፤ መመለሻ ላይ የሚነፋበት ፓምፕ ግን አይረሳ። ሐመርኛ የሚናገር የአካባቢው አስጎብኚ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው መንገድ ያምራል?» ሳይሆን «ከዚህ እስከዚያ ስንት የአሸዋ ወንዝ እንሻገራለን?» ነው። መልሱ «አንድም» የሆነበትን መንገድ ምረጡ፤ እማማም፣ ወንበር ላይ ያለውም፣ ሕፃኑም የሚሄዱት በዚያ ነው።